ስቲከሩ ተነሳ፣ ኮላው ቀረ፦ የመኪናን ቀለም ሳይጎዱ ማጽዳት

ጥያቄ፦ «በቅርቡ አንድ ሰማያዊ ቶዮታ ያሪስ ገዛሁ። ቀደም ሲል የድርጅት መኪና ስለነበረች በሮቿና የኋላ ኮፈኗ ላይ ለዓመታት ትልልቅ የማስታወቂያ ስቲከር ተለጥፎባት ቆይቷል። ስቲከሩን ከልጄ ጋር ሆነን በጥፍራችን ላጥነው። ኮላው ግን አልለቅ ብሏል። ቢጫ ነበር፣ አሁን አቧራ ይዞ ጠቁሯል። ጎረቤቴ በቤንዚን እሺው ይለኛል። ላቫጆ ያሉት ልጆች በቲነር በአምስት ደቂቃ እናነሳልሻለን አሉኝ። ሻጩ እንደነገረኝ የቀኙ የኋላ በር ከሁለት ዓመት በፊት ተጋጭቶ ቀለም ተቀብቷል። ምን ባደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለቲነሩ እሺ ሳይሉ ጠየቁ። ልጆቹ በአምስት ደቂቃ እናነሳዋለን ያሉት እውነታቸውን ነው። ጥያቄው ከኮላው ጋር ሌላ ምን ይነሳል የሚለው ነው። በተለይ ያ የተቀባው በር ያሳስበኛል። ስለዚህ ወደ ኮላው ከመሄዳችን በፊት ስለ ቀለሙ ትንሽ ላውራ።

ከፋብሪካ የወጣ የመኪና ቀለም አንድ ሽፋን ብቻ አይደለም። ላሜራው ላይ መጀመሪያ ዝገት የሚከላከል ሽፋን ያርፋል። ከዚያ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ የሚረዳ መነሻ ቀለም)፣ ከዚያ ሰማያዊው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ክሊር። ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ክሊሩ ብቻውን 40 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከአንድ የፀጉር ዘንግ ይቀጥናል። መኪናዋን የሚያብረቀርቃት፣ ቀለሙንም ከፀሐይ የሚከልለው እሱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በ140 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ስለሚጋገር ጠንካራ ነው። አልኮል ወይም ነጭ ጋዝ ለጥቂት ደቂቃ ቢነካው አይጎዳም።

ጋራዥ የተቀባ በር ግን እንደ ቀቢው ነው። ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚረጭ ቀለም ከሆነ ከፋብሪካው ብዙም አይርቅም። አንዴ ከጠነከረ በኋላ ቲነር እንኳ ቶሎ አይደፍረውም። ናይትሮ የሚባለው፣ ማጠንከሪያ የሌለው ቀለም ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ናይትሮ የሚደርቀው ውስጡ ያለው ቲነር ተንኖ ስለሄደ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ቲነር ሲያገኝ ተመልሶ ይሟሟል። ላቫጆ ላይ ያ በር በቲነር ቢታሽ ኮላውም፣ ሰማያዊውም፣ ምናልባት ከሥሩ ያለው ስቱኮም በጨርቁ ላይ ይመጣ ነበር።

በሩ የትኛው ቀለም እንዳለው ማወቅ ከባድ አይደለም። ከበሩ ውጫዊ ገጽ ታችኛው ጫፍ ላይ፣ ዓይን የማያርፍበት ቦታ ይምረጡ። ብዙ ሰው የበሩን ውስጠኛ ጠርዝ ይመርጣል። ግን በሩን ከውጭ ብቻ የቀባ ቀቢ ከሆነ ውስጠኛው ጠርዝ የፋብሪካው ቀለም ነው፤ ውጤቱ ያታልልዎታል። ትንሽ ጥጥ በቲነር ጫፉን ብቻ ነክረው የጥፍር ያህል ቦታ ላይ አንዴ ሁለቴ ይነካኩ። ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ ወይም ቦታው ሙጫ ሙጫ ካለ ናይትሮ ነው። ምንም ካልሆነ ጥሩ ዜና ነው፣ ቦታውን በውሃ ያጥቡት። ለዚህ ምርመራ ካልሆነ በቀር ቲነር መኪናዋ አጠገብ አይድረስ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለዚህ ሥራ ሰው ሲያወራ ክርክሩ ሁሉ በየትኛው ፈሳሽ ይሁን በሚለው ላይ ነው። እኔ የማያቸው አብዛኞቹ ጉዳቶች ግን ከፈሳሽ የመጡ አይደሉም፣ ከማሸት የመጡ ናቸው። ኮላዎ ጠቁሯል ብለዋል። የጠቆረው አቧራ ስለያዘ ነው። የመንገዳችን አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከክሊሩ በጣም ይጠነክራል። ያንን ኮላ በጨርቅ ሲያሹት እያጸዱ አይደለም፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ ነው። ወዲያው ላይታይ ይችላል። ፀሐይ ላይ ሲያቆሟት ግን ዙሪያውን የተጫጫረ ክብ ክብ መስመር ይወጣል። ጥቁርና ሰማያዊ መኪና ላይ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ኮላው መሟሟት አለበት እንጂ መፈግፈግ የለበትም። ፈሳሹ ይሥራ፣ እጅዎ ይጥረግ። ከዚህ በኋላ የምነግርዎ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መታጠብ ነው። ብዙ ውሃ ያፍስሱ፣ ለብ ያለ ቢሆን ይመረጣል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጥቂት ጠብታ ይበቃል። የልብስ ሳሙና ዱቄት ግን አይጠቀሙ፤ በደንብ ያልሟሟው ዱቄት ራሱ ይጭራል። ለስላሳ ስፖንጅ በሳሙናው ውሃ እያራሱ ከላይ ወደ ታች ሳይጫኑ ያንሸራቱ። የድስት ማጠቢያው አረንጓዴ ጎንና ሽቦ ፈጽሞ አይነኩም። ኮላው ራሱ በዚህ አይለቅም፣ ላዩ ላይ የተኛው አቧራ ግን ይሄዳል። ይህንን የዘለለ ሰው ቀሪውን በሙሉ ትክክል ቢሠራም መኪናውን ይጭራል።

ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። አዲስ አበባ ጠዋት ላሜራው ቀዝቃዛ ነው፣ ኮላውም ደርቆ ይጠብቅዎታል። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ደግሞ ላሜራው ስለሚግል የሚቀቡት ፈሳሽ ሥራውን ሳይጀምር ይተናል። ረፋድ ላይ ትንሽ ፀሐይ ካገኘች በኋላ ጥላ ውስጥ አስገብተው ቢጀምሩ ጥሩ ነው።

ከዚያ ሙቀት። የፀጉር ማድረቂያ ካለዎት ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ከአንድ ስንዝር ርቀት ላይ እያንቀሳቀሱ ቦታውን ያሙቁ። መዳፍዎን ሲያሳርፉበት የሚሞቅ፣ ግን የማያቃጥል ከሆነ በቂ ነው። ቀለም ቤት የሚጠቀሙበት የሙቀት ሽጉጥ እስከ 500 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስለሚሄድ ለጀማሪ እጅ አልመክረውም፤ ለፓራውርት ፕላስቲክ ደግሞ አደገኛ ነው። የተረፈ የስቲከር ቁራጭ ካለ በዚህ ሙቀት ጫፉን አንስተው ወደ ራሱ አጥፈው፣ ከቀለሙ ብዙም ሳያርቁ በዝግታ ይሳቡት። ወደ ውጭ በኃይል የተሳበ ስቲከር በደንብ ያልያዘ ቀለም ይዞ ይመጣል። በተቀባው በር ላይ ይህን በተለይ ያስታውሱ።

የሞቀውን ኮላ ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ጫፍ ይገፉታል። ካርዱን አስተኝተው፣ በሳሙና ውሃ አርሰው። ምላጭ፣ ቢላዋ፣ የብረት መፋቂያ የለም። ወፍራሙ ክፍል ተንከባሎ ይነሳል፤ ስሱ ሽፋን ይቀራል። ፈሳሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ስስ ሽፋን ነው።

የትኛው ፈሳሽ ለሚለው መልሱ በኮላው ዓይነት ይወሰናል። በግርድፉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከጎማ የሚሠራው ነው፤ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተርና ርካሽ ስቲከር ላይ ይበዛል። ቶሎ ቢጫ ይሆናል፣ ሲነኩት ይለጠጣል፣ እጅ ላይ ይቀራል። ይህ ቅባት ይፈራል። የምግብ ዘይት፣ ደብሊውዲ ፎርቲ (የዛገ ብሎን ማላቀቂያው ስፕሬይ)፣ ነጭ ጋዝ ያሟሙታል። ሁለተኛው አክሪሊክ ነው፤ ውጭ ለሚውል ጥሩ የማስታወቂያ ስቲከር የሚውለው። ጠራ ያለ ነው፣ ፀሐይ ይችላል፣ ለዓመታት ይቆያል። ይህን ዘይት ብዙም አይነካውም፤ አልኮል ግን ያላላዋል። የእርስዎ ኮላ ቢጫ ስለነበር የጎማው ዓይነት ይመስለኛል። ቢሆንም መገመት አያስፈልግም። አንድ ጥግ ላይ ዘይት፣ ሌላ ጥግ ላይ አልኮል ጠብ አድርገው አምስት ደቂቃ ይጠብቁና በጣትዎ ይንኩ። የተፈታው የትኛው እንደሆነ ጣትዎ ይነግርዎታል።

ዘይት ከሆነ በወጥ ቤት ያለው የምግብ ዘይት ይጀምርልዎ። ከሁሉም ገር እሱ ነው፣ ዘገምተኛም ነው። ደብሊውዲ ፎርቲ ትንሽ ይፈጥናል፤ ፋብሪካ ላይ የተቀባ ቀለምንም አይጎዳም። ነጭ ጋዝ የበለጠ ጉልበት አለው። አልኮል ከሆነ ደግሞ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ የሆነው ይሆናል። ጄሉን ሳይሆን ፈሳሹን ይግዙ። ከሁለቱም አንዱ ብቻውን አልበቃ ካለ እያፈራረቁ መሞከር ይቻላል፤ በመሃል ግን በሳሙና ይታጠብ።

አሁን አንድ ዘዴ ልንገርዎ፤ ከዚህ መልስ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይያዙ ቢባል ይህንን ይያዙልኝ። ያረጀ ንጹሕ ከነቴራ ወይም ማይክሮፋይበር ጨርቅ በፈሳሹ ያርሱና ኮላው ላይ ያስተኙት። ላዩ ላይ ፌስታል ያልብሱት። ጠርዙን በእጅዎ ጫን ጫን አድርገው አየር ያስወጡ። እዚያው ይተዉት። ለዘይትና ለደብሊውዲ ፎርቲ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ለነጭ ጋዝ 5 ደቂቃ፣ ለአልኮል 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃል። ፌስታሉ ፈሳሹ እንዳይተን ያደርጋል፤ አልኮልማ ያለ ፌስታል ሥራ ሳይሠራ አየር ላይ ይጠፋል። ሲገልጡት ኮላው እንደ ገንፎ ልል ብሎ ያገኙታል። በአዲስ የጨርቅ ገጽ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጠርገው ያንሱት። ወዲያና ወዲህ አይሹ። ጨርቁን አራት ቦታ ካጠፉት ስምንት ንጹሕ ገጽ ይኖርዎታል፤ አንዱ በቆሸሸ ቁጥር ይገልብጡ። ያልለቀቀ ካለ በኃይል ከመጫን ጨርቁን መልሰው ያስተኙት። አንድ በር ግማሽ ቀን ቢፈጅም አይደነቁ።

ሙቀትና ፈሳሽ አብረው አይሆኑም። የፀጉር ማድረቂያው ሥራውን ጨርሶ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ነው አልኮሉ ወይም ነጭ ጋዙ የሚከፈተው። የአልኮል ተን ከማድረቂያው የጋለ ሽቦ እሳት ሊይዝ ይችላል።

ስለ ጎረቤትዎ ቤንዚን ደግሞ። ኮላ ያነሳል፣ አልክድም። ግን አይጠቀሙት። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል። ግቢ ውስጥ ጥግ ላይ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ እስከዚያ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ነጭ ጋዝ በአንጻሩ 38 ዲግሪ ገደማ እስኪሞቅ ድረስ እንዲህ አይቀጣጠልም፤ ቢሆንም እሱም ከእሳት ይራቅ። መኪና የሚሞላው ቤንዚን ውስጥ ቤንዝን (በእንግሊዝኛ benzene) የሚባል ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገርም አለ፤ በቆዳም በትንፋሽም ይገባል። ቀለሙ ተርፎ እጅዎና ሳንባዎ ከተጎዱ ምን ይረባል? ለማንኛውም ፈሳሽ ቢሆን ጓንት ያድርጉ፣ ሥራውም ደጅ ይሁን።

የባሕር ዛፍ ዘይትም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እውነት ነው፣ ኮላ በደንብ ያሟሟል። ግን ተፈጥሯዊ ስለሆነ ገር ነው ማለት አይደለም። ቀለም ላይ ከቆየ ያደበዝዛል፣ ፕላስቲክንም ይበላል። ለመስታወትና ለጠርሙስ ድንቅ ነው፤ ለመኪና ቀለም ግን ዘይትና ነጭ ጋዝ እያሉ እሱን አልመርጥም። አሴቶን፣ ማለትም የጥፍር ቀለም ማጥፊያ፣ ከቲነር ተለይቶ አይታይ።

ፈሳሹ በሩ ላይ ብቻ ይቆይ። ነጭ ጋዝና ቅባት የበርና የመስኮት ጎማን ያሳብጣሉ፤ ቀለም ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክን ደግሞ ያዥጎረጉራሉ። ከመጀመርዎ በፊት ጎማውን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑት። የፊት መብራት ላይ ኮላ ካለ በሳሙና ውሃና በዘይት ብቻ ይታገሉት፤ ቲነር ወይም አሴቶን የመብራቱን ፕላስቲክ ያነጣዋል፣ ይሰነጥቀዋልም።

መስታወት ላይ ያለ ኮላ ቀላል ነው። ያለፉ ዓመታት ቦሎ ትቶት የሚሄደው ነጭ ቅራፊ በሳሙና ውሃ አርሶ በአዲስ ምላጭ በአንድ አቅጣጫ ሲገፋ ይነሳል። መስታወት ምላጭ ይችላል፣ ቀለም አይችልም። የኋላ መስታወት ላይ ግን ከውስጥ የማሞቂያ መስመሮች ስላሉ ምላጭ አያስገቡ።

ኮላው በሙሉ ሲነሳ መኪናዋን እንደገና በሳሙና ያጥቧት። ዘይትም ነጭ ጋዝም ስስ ቅባት ትተው ይሄዳሉ፤ ካልታጠበ በማግስቱ አቧራ ይሰበስባል። ካደረቁ በኋላ በእጅዎ ጀርባ ቦታውን ይዳስሱ። የሚሻክር ካለ ኮላ ቀርቷል ማለት ነው።

አሁን ምናልባት የሚያስደነግጥዎ ነገር ይመጣል። ኮላው ጠፍቶ የድርጅቱ ጽሑፍ ግን ሊነበብ ይችላል። ፊደሎቹ ደመቅ ብለው፣ ዙሪያቸው ፈዘዝ ብሎ። ይህ ኮላ አይደለም፣ የፀሐይ ሥራ ነው። ስቲከሩ ለዓመታት ከሥሩ ያለውን ቀለም ሲከልል ዙሪያው ፀሐይ መቶታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች፣ ጨረሩም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር እኛ ጋ ቀለም ቶሎ ይደክማል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፊደሎቹን ለማጥፋት ፊደሎቹ ላይ ፖሊሽ ያሻል። ፊደሎቹ ጤነኛ ናቸው፤ የደከመው ዙሪያው ነው። ፖሊሽ የሚደረገው ዙሪያው ነው። በስስ ፖሊሽና በለስላሳ ስፖንጅ በእጅ ይጀምሩ፣ ወፍራሙን ኮምፓውንድ (ሸካራውን ፖሊሽ) አይቸኩሉበት። የበሩን ጠርዝና የላሜራውን እጥፋት አይጫኑ፤ ክሊሩ እዚያ ላይ ይሳሳል። ፖሊሽ ማለት ከዚያች 40 ማይክሮን ላይ መቀነስ ስለሆነ ልዩነቱ ዓይን የማይስብ ሲሆን ያቁሙ። የቀረው ራሱ ከጊዜ ጋር ይመሳሰላል። ሲጨርሱ መላ መኪናዋን ሰም ይቀቧት። ዙሪያው ነጭ ሆኖ እንደ ቅርፊት የሚነሳ ከሆነ ግን ክሊሩ ሞቷል፤ ያኔ ፖሊሽ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደዚያ በር። በጥጡ ምርመራ ምንም ካልለቀቀ እንደሌሎቹ በሮች ያዙት፤ ጨርቁ የሚቆይበትን ጊዜ ብቻ በግማሽ ይቀንሱ። ሰማያዊ ከለቀቀ ግን ለዚያ በር ሙቀት፣ የሳሙና ውሃና የምግብ ዘይት ብቻ ነው የሚፈቀደው። አልኮልም ነጭ ጋዝም አይንካው። የፀጉር ማድረቂያውንም ለብ ያለው ላይ ያድርጉት። ዘይቱን በጨርቅና በፌስታል አልብሰው ግማሽ ሰዓት ይተዉት፣ ይጥረጉ፣ በሳሙና ያጥቡ፣ በሌላ ቀን ይድገሙት። በሂደቱ የቀለም ጫፍ ሲነሳ ካዩ እዚያው ያቁሙና ኮላው እንዳለ ይዘው ወደ ቀለም ቀቢ ይሂዱ። በሩ መቀባቱ ካልቀረ ቀቢው ራሱ ኮላውን አጽድቶ ነው የሚጀምረው። ሲስማሙም ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለምና ክሊር እንዲሆን ቀድመው ይንገሩት፣ ቀለሙንም ከመኪናዋ የቀለም ኮድ ላይ እንዲያስመስል ያድርጉ። ኮዱ የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ ወይም ሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ይገኛል።